ጥምቀት ነው አልኳቸው

ሥራዬ ወንበር መደርደር ነው። ዴን ሃግ ውስጥ፣ ከትራም መስመሩ ትንሽ ገባ ብሎ ያለ የሰፈር የባህል ቤት አለ፤ ዝግጅት ከመጀመሩ በፊት አዳራሹን አሰናዳለሁ፣ ሲያልቅ እጠርጋለሁ፣ ብርጭቆ እሰበስባለሁ። ቤቱ ትንሽ ስለሆነ ስማቸው የገነነ ዘፋኞች አይመጡበትም። የሚመጡት ከኋላቸው ኩባንያ የሌላቸው፣ ጊታራቸውን አዝለው፣ በኪራይ መኪና ከከተማ ከተማ የሚዞሩ አሜሪካውያን ናቸው። የሚጫወቱት የአገራቸውን የገጠር ሙዚቃ ነው። ሲዲያቸውንም ራሳቸው ናቸው በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው የሚሸጡት።

እኔ ለብዙ ጊዜ ጆሮ ሰጥቼ ሰምቻቸው አላውቅም ነበር። ዘፈን ነዋ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ዘፈንና መዝሙር ለየቅል ናቸው፤ ጌታን ያገኘ ሰው ዘፈኑን ትቶ መዝሙሩን ይይዛል። ስለዚህ እነሱ አዳራሹ ውስጥ ሲዘፍኑ እኔ ከኋላ ባለው ክፍል ብርጭቆ ሳጥብ ነው የምቆየው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቀጭን፣ ረጅም፣ ፂሙ የሸበተ ሰው ብቻውን መጣ። ባንጆ የሚሉትን፣ ሆዱ ክብ የሆነ ባለ ክር መሣሪያ ይዟል። ድምፅ ማጉያውን ለመሞከር መድረኩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ክሩን ነካ ነካ ሲያደርግ እኔ ወንበሮቹን እየዘረጋሁ ነበር። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ አንድ ዜማ ጀመረ።

እጄ ወንበሩ ላይ ቀረ። ዜማውን አውቀዋለሁ። በጌታ ራት ቀን፣ እንጀራውና ጽዋው ሲታደል፣ እኛ ቤተ ክርስቲያን የምንዘምረው ነው። ከየት እንደመጣ አስቤ አላውቅም ነበር፤ የእኛ ይመስለኝ ነበር። ሳላውቀው በአማርኛ ከሱ ጋር ጀመርኩ። ሰውየው ዓይኑን ገለጠ፤ መጫወቱን ግን አላቆመም። እሱ በእንግሊዝኛ፣ እኔ በአማርኛ፣ ባዶ ወንበር ፊት እስከ መጨረሻው ዘመርነው።

"የት ተማርከው?" አለኝ ሲያበቃ።

"ቤተ ክርስቲያን።"

"እኔም ቤተ ክርስቲያን ነው የተማርኩት። አባቴ ነበር የሚያስዘምረን። አንተ የዘመርክበት ምን ቋንቋ ነው?"

እዚያ ቤት ውስጥ ስንት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ምን ቋንቋ እንደምናገር የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ነገርኩት። ደጋግሞ "አማርኛ" ለማለት ሞከረ፣ ምላሱ እምቢ አለው፣ ሳቅን። በሚቀጥለው እሑድ ከሰዓት በኋላ ሮተርዳም ደቡብ አንድ ካፌ ውስጥ እንደሚጫወት ነገረኝ። "ሰዎችህን ይዘህ ና" አለኝ። "መግቢያ አይጠየቅም፤ ሲያልቅ ኮፍያ ይዞራል፣ የፈለገ ጣል ያደርጋል።"

ያን ቀን በባቡር ወደ ሮተርዳም ስመለስ ደረቴ ተነፍቶ ነበር። የዚያን ማታ ሙዚቃውን ልብ ብዬ አለመስማቴ ትዝ ያለኝ በኋላ ነው። ብርጭቆ ሳጥብ ነው ያመሸሁት።

ወሬውን መጀመሪያ የነገርኩት ለእማማ ነው። እማማ የሥጋ ዘመዴ አይደሉም። ሮተርዳም እንደመጣሁ፣ ማንንም በማላውቅበት ክረምት፣ ሻርሎይስ ሰፈር ባለው ቤታቸው ሳሎን ውስጥ ፍራሽ አንጥፈው ያሳደሩኝ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያንም እጄን ይዘው የወሰዱኝ እሳቸው ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ። ሆላንድኛቸው ከ"እንደምን አደራችሁ" ብዙም አያልፍም። ስለዚህ ሐኪም ቤት ሲሄዱ፣ የቤት ኪራይ ቢሮ ሲጠሩ፣ ከማዘጋጃ ቤት ደብዳቤ ሲመጣ የምተረጉምላቸው እኔ ነኝ። ሰው ፊት ሲያስተዋውቁኝ "ምላሴ ነው" ይላሉ። እኔም ይህን ስባል ደስ ይለኛል፤ አሁን ሳስበው ትንሽ ከሚገባው በላይ ነበር ደስ የሚለኝ።

"አሜሪካዊ ወንድም ነው" አልኳቸው። "የእኛን መዝሙር የሚዘምር።"

"እዚህ? ሮተርዳም?"

"እዚሁ ደቡብ። ካፌ ውስጥ።"

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኛ ካፌ ስንል ማኪያቶና ኬክ ማለታችን ነው። ሆላንዶች ካፌ ሲሉ እኛ ቡና ቤት የምንለውን ነው፤ ስሙ ቡና፣ ነገሩ ቢራ። እኔ ልዩነቱን አውቀዋለሁ። እማማ አያውቁትም። አላብራራሁላቸውም። እሳቸው ለመጋቢው ነገሩት፤ መጋቢው እሑድ ጠዋት በማስታወቂያ ሰዓት ቆመው "ወንድማችን ያገኘው አሜሪካዊ ዘማሪ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ያገለግላል፤ የቻላችሁ ሂዱ፣ አበረታቱት" አሉ። ምእመናኑ ዞር ዞር እያሉ አዩኝ። አንገቴን ደፋሁ፤ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

የመጡት አራት ሴቶች ናቸው፤ እማማና እንደሳቸው ከመዘምራን የሆኑ ሦስት እህቶች። አራቱም የመዘምራን ልብሳቸውን አላወለቁም፤ ያ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርሰው ሰማያዊ፣ አንገቱ ላይ ነጭ ጨርቅ የሚደረብበት። ከላይ ካፖርት ደርበውበታል።

"ልብሱን እንኳ ብትቀይሩ" አልኩ፤ ከአውቶቡሱ ስንወርድ።

"ዘምሩ ብንባልስ?" አሉ እማማ። "በካፖርት ልንዘምር ነው?"

በሩን ስከፍተው የቢራ ሽታ ተቀበለን። ግድግዳው ሁሉ የድሮ የመርከብ ሥዕል ነው። ሰዎቹ አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ ሆላንዶች ናቸው፤ ባለ መስመር ሸሚዝ የለበሱ፣ አንዱ እንዲያውም የካውቦይ ኮፍያ ያጠለቀ። እማማ በሩ ላይ ቆም አሉ። ወደ መደርደሪያው፣ ወደ ተደረደሩት ጠርሙሶች አዩና ወደኔ ዞሩ።

"አዳራሽ ስለሌላቸው ነው እዚህ የሚያደርጉት" አልኩ። የመጀመሪያው ውሸቴ ይህ ነበር።

ሆላንዶቹ ሴቶቹን ሲያዩ ተነሥተው ቦታ ለቀቁ፤ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ፣ ከመድረኩ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ አስቀመጡን። ሴቶቹ ካፖርታቸውን አወለቁ። አራት ሰማያዊ ቀሚስ፣ አራት ነጭ ጨርቅ። የምታስተናግደው ልጅ መጥታ ትእዛዝ ተቀበለች፤ ሻይ አዘዙ። ዘፋኙ ሲወጣ አየኝ፣ ሴቶቹን አየ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እጅ ነሣ። እማማም ጎንበስ ብለው አጸፋውን መለሱ።

እንዲህ ያለውን ሙዚቃ ሆላንዶች ሲሰሙ ትንፍሽ አይሉም። ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ እንኳ ይሰማል። ባንጆው ብቻውን ጀመረ፤ ቀስ ብሎ፣ እያዘነ። ከዚያ ድምፁ ገባ። ጥሩ ድምፅ ነው፤ ሻካራ፣ ያረጀ፣ ግን እውነተኛ። እማማ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ምን ይላል?" አሉኝ በሹክሹክታ።

አዳመጥኩ። ስለ አንድ ጀልባ ቀዛፊ ነው። ቀዛፊው አንዲት ልጅ ይወዳል። ልጅቱ ግን ሌላ ሰው ልታገባ ነው፤ ሙሽራው ከወንዙ ማዶ ይጠብቃታል። የሚያሻግራት ይኸው ቀዛፊ ነው። የመሻገሪያውን ከፍላ ትሳፈራለች። መሀል ወንዝ ላይ ሲደርሱ መቅዘፉን ያቆማል። ዘፈኑ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ከተቀመጥን ገና አምስት ደቂቃ አልሞላንም።

"ምን ይላል?" አሉ እማማ እንደገና። ሦስቱም ሴቶች ወደኔ ዘንበል አሉ።

"ስለ ወንዝ ነው" አልኩ። "ሪቨር" የሚለውን ሁሉም ሰምተውታልና።

"ወንዙ ምን ሆነ?"

እዚያ ላይ "እማማ፣ ይህ ዘፈን ነው፤ ተሳስቻለሁ፣ እንውጣ" ማለት ይቻል ነበር። ግን ያ ሁሉ ሰው ቦታ ለቆልናል። መጋቢው መድረክ ላይ ቆመው ስለኔ ተናግረዋል። "ጥምቀት ነው" አልኩ። "እህታችን ስትጠመቅ ነው።"

ዘፋኙ ልጅቱ ወደ ውኃው ስትገባ ወደሚለው ስንኝ ደረሰ። "ውኃው ውስጥ ገባች ይላል" አልኩ። ይህማ እውነት ነበር።

"አሜን!" አለች ከሦስቱ ሴቶች አንዷ። አምስተርዳም ሆቴል ውስጥ የምትሠራ፣ ድምፀ ትልቅ እህት ናት፤ ማይክ አያስፈልጋትም። "ክብር ለጌታ!" ብላ አጨበጨበች። ሁለቱ ተከተሏት። በዚያ ጸጥታ መሀል ጭብጨባው እንደ ተኩስ ነው የተሰማው። ሆላንዶቹ ሁሉ ዞሩ። ባለ ኮፍያው ሰውዬ በትህትና ፈገግ አለ። ዘፋኙ ዓይኑን ገለጠ፣ አየን፣ አንድ ስንኝ ጠፋበት፣ ባንጆውን አንድ ዙር መልሶ ቀጠለ። ልጅቱ ስትሰጥም፣ እኛ ረድፍ ላይ "ሃሌ ሉያ" እየተባለ ነበር።

ሁለተኛው ዘፈን ፈጣን ነው። ሆላንዶቹ በእግራቸው ወለሉን መምታት ጀመሩ። እኔ ወለሉ ተከፍቶ ቢውጠኝ እያልኩ ነው።

"ውስኪ አለ እኮ" አለች ድምፀ ትልቋ። "ውስኪ ብሏል። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።"

"ተውኩት ነው የሚለው" አልኩ። "ውስኪውን ተውኩ፣ ጌታን አገኘሁ።"

ከኋላዬ አንድ ሰው ሳቁ አመለጠው። ዞር አልኩ። ልጄ ናት። ሃያ ዓመቷ ነው፤ ነርስነት ትማራለች፣ እሑድ እሑድ የአረጋውያን መኖሪያ ትሠራለች። ከሥራ ስወጣ እመጣለሁ ብላኝ ነበር፤ ረስቼው ነበር። ብስክሌት ስትነዳ ዝናብ መቷት ፀጉሯ ረጥቧል። ልጄ እዚህ ስላደገች አማርኛዋ የቤት አማርኛ ነው፤ አንቱታ አይገባውም።

"ፓፓ፣ ምንድነው የምትላቸው?" አለች በሆላንድኛ። ከዚያ ወደ እማማ ጎንበስ ብላ፣ በአማርኛ፣ "እማማ፣ ፓፓ ዋሽቶሻል። እንዲህ አይልም። ውስኪ ስጡኝ፣ እስክሞት ስጡኝ ነው የሚለው።"

እማማ ዞረው አዩዋት። ከዚያ እኔን አዩኝ። "የቅድሙስ?" አሉ። እኔን አልነበረም የጠየቁት፤ እሷን ነው። "ጥምቀቱስ?"

"የምን ጥምቀት? በሩ ጋ ቆሜ ሰምቼዋለሁ። ገደላት እኮ! ሌላ ሰው ልታገባ ስለሆነ ውኃ ውስጥ ደፈቃት።"

ድምፀ ትልቋ እህት በሁለት እጇ አፏን ያዘች። "አሜን አልኩ እኮ" አለች። "ለነፍሰ ገዳይ አሜን አልኩ!"

ልጄ የሠራችው ነገር ምን እንደሆነ ያኔ ገባት መሰለኝ፤ ሳቋ ፊቷ ላይ ደረቀ። እማማ ነጩን ጨርቅ አንገታቸው ላይ አስተካከሉ፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣመሩ፣ ወደ መድረኩ ማየት ቀጠሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ተነሥተው ቢወጡም ይሻለኝ ነበር። እሳቸው ግን እንግድነት ያውቃሉ፤ ሰው ተነሥቶ ቦታ ለቆላቸው፣ መሀል ላይ ጥለው አይወጡም።

ሦስተኛው ዘፈን ሲያበቃ ሰውየው ማይኩን ጠጋ ብሎ፣ ዴን ሃግ ውስጥ አንድ ሰው እንዳገኘ፣ ይህ ሰው የአባቱን መዝሙር በሌላ ቋንቋ እንደዘመረለት፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሐሳቡ እንዳልጠፋ ተናገረ። ከዚያ እጁን ዘረጋልኝ። "ና፣ ወንድሜ። እህቶችም አብረውን ይዘምሩ።"

ሆላንዶቹ አጨበጨቡ። ተነሥቼ ወጣሁ። መድረኩ ላይ ስቆም ከፊቴ ያሉት አራቱ ሰማያዊ ቀሚሶች ናቸው። ባንጆው ጀመረ። ዘመርኩ። በእንጀራውና በጽዋው ጊዜ የምንዘምረው፣ ከመዘመራችን በፊት ያስቀየምነውን ሰው ይቅርታ የምንጠይቅበት መዝሙር ነው። ሴቶቹ አልዘመሩም። ቃሉን ከእኔ በላይ የሚያውቁት አራት ሴቶች አፋቸውን ዘግተው አዩኝ። ሦስተኛው ቁጥር ላይ ስደርስ ቃሉ ከአእምሮዬ ጠፋ፤ የመጀመሪያውን መልሼ ዘመርኩት። አማርኛ የሚያውቅ ስለሌለ ከአምስት ሰው በቀር ማንም አላወቀም። ሲያልቅ ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። አንዲት ሆላንዳዊት አሮጊት እንባዋን ስትጠርግ አየሁ። ጭብጨባው አንድ በአንድ ፊቴ ላይ ያረፈ ያህል ነበር የተሰማኝ።

ስንወጣ ዘፋኙ በር ድረስ ሸኘን። "እህቶች ወደዱት?" አለኝ።

"በጣም" አልኩት። በአንድ ቀን በሁለት ቋንቋ ዋሸሁ።

አውቶቡስ ውስጥ እማማ አጠገቤ አልተቀመጡም። ልጄ ብስክሌቷን ካፌው ጋ ትታ አብራን ተሳፍራ ነበር፤ ከሷ ጋር ተቀመጡ። እኔ ከፊት ለፊታቸው ቆምኩ። ከጥቂት ፌርማታ በኋላ ቀና ብለው አዩኝ።

"የዓይን ሐኪሙስ?" አሉኝ።

"ምን አሉኝ፣ እማማ?"

"የዓይን ሐኪሙ። የግራው አይድንም፣ የቀኙ በጠብታ ይተርፋል አለ ብለህ የነገርከኝ። እንደዚያ ነው ያለው?"

እንደዚያ ነበር ያለው። ያን ቀን ሐኪሙ አንድ ዓረፍተ ነገር ሲናገር እያስቆምኩ፣ ያልገባኝን ደግሜ እየጠየቅኩ፣ ምንም ሳልጨምርና ሳልቀንስ ነው የተረጎምኩላቸው። የግራው አይድንም የሚለውን ለመናገር ምላሴ ሲተሳሰር ራሳቸው "ንገረኝ፣ አትፍራ" ብለውኝ ነበር።

"እማማ፣ በጌታ ስም እምላለሁ..."

"አትማል" አሉ። "መማል መቼ ተፈቀደልን።" ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ።

ወሬው እኛ ዘንድ አልቆየም። መጋቢው በሚቀጥለው እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሻይ ላይ "ያ አሜሪካዊ ወንድም እንዴት ነበር?" ብለው ሲጠይቁ ሴቶቹ ወለል ወለሉን አዩ። እማማ "ዘፈን ነበር" አሉና ሻያቸውን ጠጡ፤ ሌላ አልጨመሩም። ሌሎቹ ግን እማማን አይደሉም። ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው ነገር ሲያሳምር፣ ልጁ ፈተና መውደቁን "ዕድል አጥቶ ነው" ብሎ ሲያወራ፣ ከጀርባ አንዷ "ጥምቀት ነው!" ትላለች፤ ሁሉም ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ፊቴ እስከ ጆሮዬ ሲግል ግን ይሰማኛል።

የእማማ የዓይን ቀጠሮ ሲደርስ ስልክ የደወሉት ለኔ አይደለም። ልጄ ናት እራት ላይ የነገረችኝ፤ "እማማ እንድሄድላት ጠይቃኛለች፣ ሐሙስ ክፍል የለኝም።" እሺ አልኩ። ይዣችሁ ልሂድ ብዬ ግን አብሬ ሄድኩ። ሆስፒታሉ ውስጥ ስማቸው ሲጠራ ተነሣሁ፤ ልማድ ነው። እማማ እጃቸውን ትንሽ ከፍ አድርገው፣ ተቀመጥ በሚል ዓይነት፣ ልጄን ይዘው ገቡ። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ አንድ ሕፃን መጫወቻ መኪና እግሬ ሥር ሲያመላልስ ቆየ።

ሲወጡ ልጄ ቀድማ መጣች። "አንተ ያልከው ነው" አለችኝ። "ያኔ ያልካትን በሙሉ ጠየቀችው፤ አንድ ባንድ። ሁሉም ልክ ነው።"

እፎይ ልል ነበር። እማማ ቀስ ብለው እየመጡ፣ ካፖርታቸውን እየቆለፉ፣ አጠገቤ ሲደርሱ ቆሙ።

"እውነቱን እንደነገርከኝ አውቅ ነበር" አሉኝ። "ልቤ ያውቃል። ግን ሌሊት ሌሊት እየነቃሁ እጠራጠርህ ጀመር። አንተን! ሳሎኔ ያሳደርኩህን ልጅ እንድጠራጠር አደረግከኝ። ያሳዘነኝ እሱ ነው እንጂ ስንት ሰው ይዘፍናል።"

"ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ።"

"ይቅር ብያለሁ። መቼ ነው ያላልኩት?" አሉ፤ የልጄን ክንድ ይዘው ወደ መውጫው ሄዱ። ይቅርታው ከቁጣው በላይ ነው ያሸማቀቀኝ፤ ይቅርታውን ጨብጬ እዚያ መተላለፊያ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ያ የቀዛፊው ዘፈን ግን ከእማማ ራስ አልወጣም። ልጄን ግጥሙን ከነሙሉ ቃሉ እንድትነግራቸው አደረጉ። ቤታቸው ተቀምጣ፣ ስልኳን ይዛ፣ በዚያ በሰባራ አማርኛዋ ስንኝ በስንኝ ስትነግራቸው እንደዋለች ሰማሁ። ከዚያ አንድ ቀን ልጄ "ሰውዬው ቅዳሜ ከሰዓት አምስተርዳም ይጫወታል፤ የሙዚቃ ሸክላ መሸጫ ሱቅ ውስጥ" አለችኝ። "እማማ ልሂድ ብላለች። ፓፓም ይምጣ፣ ግን አይተርጉም ብላለች።"

ሄድን። ሱቁ ቀጭን ነው፤ በግራና በቀኝ ሸክላ ተደርድሯል፣ ጫፉ ላይ ምንጣፍ አንጥፈው ሰውየውን አቁመውታል። እማማ በዚህ ቀን ተራ ልብሳቸውን ነው የለበሱት። ባለ ሱቁ በርጩማ አመጣላቸው። እኔ ከኋላ፣ ሸክላ ከሚያገላብጡት ሰዎች ጋር ቆምኩ። የቀዛፊው ዘፈን ሲጀመር እማማ ዓይናቸውን አልጨፈኑም፤ ሰውየውን ትክ ብለው እያዩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰሙት። ወንዙ ጋ ሲደርስ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሲያልቅ ሰው እየተሰለፈ ሲዲ ማስፈረም ጀመረ። ሰውየው እኔን ሲያይ እጁን ዘረጋ፤ እማማንም አስታወሳቸው። እማማ በልጄ በኩል ጠየቁት፤ "የልጅቷ እናትስ? ስለ እናቷ ለምን አይልም?"

ሰውየው አሰበ። "ዘፈኑን የሚናገረው ገዳዩ ነው" አለ። "እሱ ስለ እናቷ አያስብም።"

ልጄ ተረጎመች። እማማ "እውነት ነው፣ አያስብም" አሉ። ልጄ ከዚያ ለእማማ አንድ ሲዲ ልግዛ ብላ ወደ መክፈያው ሄደች። ሰውየውም አጋጣሚውን አግኝቶ ወደኔ ዞረ። ከንፈሩን ነከስ አድርጎ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "አንድ ነገር ልንገርህ ፈልጌ ነበር" አለኝ። "ያን ቀን እህቶችህን በዚያ ልብስ ሳያቸው አፈርኩ። ቤተ ክርስቲያን ከሄድኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። አላምንም። ያን መዝሙር የምዘምረው የአባቴ ስለሆነ ነው። ለእሳቸው ንገርልኝ፤ እንዳታለልኳቸው እንዲሰማኝ አልፈልግም።"

"ምን አለ?" አሉ እማማ።

ልጄን ፈለግኳት፤ ሰልፍ ላይ ናት። እማማ እኔን ነው የሚያዩት። አይተርጉም ያሉት እሳቸው ናቸው፤ አሁን ግን ጠየቁኝ። "አሜሪካዊ ወንድም" ብዬ ቤተ ክርስቲያን ሙሉ ያሳወጅኩለት ሰው አላምንም እያለ ነው። ፊቴ ጋለ። አንድ ቃል ሳልጨምር፣ አንድ ቃል ሳላነሣ ነገርኳቸው። አፈርኩ ያለውንም፣ አላምንም ያለውንም፣ የአባቱንም ነገር።

እማማ እጃቸውን አውጥተው የሰውየውን እጅ፣ የባንጆው ክር ጠባሳ ያተመበትን፣ ጨበጥ አደረጉ። "አባቱ ደህና ሰው ነበሩ በለው" አሉ። አልኩት። ሰውየው አንገቱን ሰበረ።

ባቡሩ ውስጥ ሦስታችንም ፊት ለፊት ተቀመጥን። ልጄ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታለች። ከአምስተርዳም ወጥተን ሜዳው ሲጀምር እማማ፣ ከመስኮቱ ዓይናቸውን ሳያነሡ፣ "ያ የማያምነው ሰው" አሉኝ፣ "ሳይጠየቅ እውነቱን ተናገረ። አንተ የምታምነው፣ ተጠይቀህ ዋሸህ።" ቁጣ አልነበረበትም። መዝነው አስቀመጡት።

ልጄ ማዳመጫውን ከአንድ ጆሮዋ አወጣች። "ምን አለችህ?" አለችኝ በሆላንድኛ። እማማ ወደኔ አዩ።

እኔም ለልጄ፣ በሆላንድኛ፣ ቃል በቃል ነገርኳት።